ከቀለሙ በታች ያለው ዝገት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ አንድ አሮጌ ቬስፓ ላጫውታችሁ ነው። «በሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ ላይ የቬስፓ ወሬ ምን ይሠራል?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ጌታችን መዝገባችንን በሰማይ እንድናኖር ሲያስተምረን በምድር ያለውን ነገር የሚያጠፉትን ብልንና ዝገትን ጠርቶ ተናግሯል (ማቴ. 6፥19-20)። ዝገት በወንጌል የተጠራ አስተማሪ ከሆነ እኛም ከእርሱ ብንማር ነውር የለውም። እኔ የተማርሁት በኀፍረት ነው። እንደ እኔ ያለ ሌላ ሰው ቢኖር ሳይወድቅ ይጠቀምበት ዘንድ ጽፌዋለሁ።

ለመሆኑ ዝገት ምንድን ነው? ብረት ውኃና አየር በአንድነት ሲያገኙት ቀስ በቀስ ተለውጦ ወደ ቀይ አፈርነት ይመለሳል። ጨው ከተጨመረበት ደግሞ ሥራው ይፋጠናል። የዛገው ብረት ከጤነኛው የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በላዩ ያለውን ቀለም ከሥር እየገፋ ያሳብጠዋል። ሰው የሚያየው እብጠቱን ነው፤ መብላቱ የተጀመረው ግን ከብዙ ጊዜ በፊት ነው።

እኛ የአዋሽ ሸለቆ ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም። በመልካ ሰዲና በአሚባራ የጥጥ እርሻዎች የሆነውን ታላላቆቻችን ያውቁታል። መሬቱ በመስኖ ሲጠጣ ኖሮ፤ ትርፉን ውኃ የሚያወጣ በቂ ቦይ ስላልነበረው የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ ወጣ። ፀሐይ ውኃውን ስትመጠው ጨው በማሳው ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ሰብሉም ደከመ። ጉዳቱ ከላይ የታየ ቢሆንም የመጣው ከሥር ነው። የቬስፓውም ነገር እንዲሁ ነው።

አባቴ በምድር ባቡር በአዋሽ ጣቢያ የሠሩ ሰው ነበሩ። ቬስፓውን ከድሬዳዋ አሮጌውን ገዝተው በባቡር ጭነው አመጡት። ወደ ሥራ ሲሄዱ እርሳቸው ከፊት፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አሮጌውን ሸሚዛቸውን ይዤ እሄድ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ በጓሮ ከቆርቆሮ ጥላ በታች ቆመ። ከሞቱም በኋላ ዓመታት ተቀምጦ ዶሮ ሲያድርበት ኖረ።

ስለዚህ ዕቃ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ቬስፓ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። ፒያጆ የተባለው የጣልያን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፤ ንድፉን ያወጣው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ቬስፓ እንደ ሌላው ሞተር ሳይክል ከቧንቧ የተሠራ አጽም የለውም። ቅርጽ የተሰጠው ላሜራ ራሱ አጽሙም ነው፤ ገላውም ነው። ተፎካካሪው ላምብሬታ ግን ከላሜራው ውስጥ የቧንቧ አጽም አለው። ስለዚህ ላምብሬታ ልብሱ ቢቀደድ አጥንቱ ይቆማል፤ የቬስፓ ላሜራ ከበሰበሰ ግን አጥንቱ በሰበሰ ማለት ነው። ዝገቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሰው በማያየው ቦታ፤ በእግር መርገጫው የጎማ ምንጣፍ ሥር ነው። ውኃ ገብቶ እዚያ ይቀራል፤ ምንጣፉም ጥላ ሆኖ ይሸፍነዋል።

እኔ በሰመራ ሥራ ይዤ በሄድሁ ጊዜ ቬስፓውን በጭነት መኪና አስጭኜ ወሰድሁት። አንድ ቀለም ቀቢ ዘንድ አቀረብሁት። ሰውየው ምንጣፉን ገልጦ በመፍቻው ጫፍ ወለሉን ነካ ቢያደርገው መፍቻው ወደ ውስጥ ገባ። ቀና ብሎ አየኝና፤

«ወለሉ በስብሷል። ይቆረጥና ይቀየር ወይስ ይሸፈን?» አለኝ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አልሁት።

«ለመሸፈኑ ሦስት ቀን። ለመቀየሩ ግን እኔ አልችልበትም፤ ባለሙያ ፈልግ።»

«ሸፍነው» አልሁት።

ወንድሞቼ፤ ይህን ቃል ልብ በሉልኝ። ቀለም ቀቢው እውነቱን ነግሮኝ ነበር። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ የእኔ ነው። በስቱኮ ደፈነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ ሰማያዊ ቀለም ረጨበት። በሦስተኛው ቀን ሙሽራ መሰለ። ያየው ሁሉ አደነቀ። እኔም ሲያደንቁልኝ ደስ አለኝ፤ ከሥሩ ያለውን የማውቅ ግን እኔ ነበርሁ።

ጥቂት ቆይቶ ገንዘብ ቸገረኝና ልሸጠው አሰብሁ። ገዢው ሩቅ ሰው አልነበረም። ሎጊያ እየኖረ ሰመራ የሚሠራ፤ ከእኔ ጋር በአንድ መዝሙር ክፍል የሚያገለግል ወንድም ነው። ዞሮ ዞሮ ካየው በኋላ፤ «ከሥሩ ደኅና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «እንደምታየው ነው» አልሁት። ውሸት ላለመናገር የመረጥሁት ቃል ነበር። እንደምታየው! የሚታየውማ ቀለሙ ነበር። በዚያው ቀን ገንዘቡን ቆጠረልኝ፤ እሑድም አብረን ዘመርን።

ወራት አለፉ። ቀለሙ እዚህም እዚያም እንደ ፈላ ወተት ማበጥ ጀመረ። አንድ ቀን ማለዳ ከሎጊያ ወደ ሰመራ ሲመጣ የጭነት መኪና ለማሳለፍ ፍሬን ቢረግጥ ወለሉ ከእግሩ ሥር ተሰበረ። ወደቀ፤ ክንዱም ተሰበረ። ከኋላው የሚመጣ መኪና ባለመኖሩ ነፍሱ ተረፈች። ልጠይቀው ሐኪም ቤት ብሄድ ፈገግ ብሎ፤ «እግዚአብሔር አተረፈኝ ወንድሜ፤ ያረጀ ዕቃ ነው፤ ምን ይደረግ?» አለኝ። አልከሰሰኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝሙር አፌ ላይ እንደ ጠጠር ሆነ።

ሐዋርያው ያዕቆብ የባለጠጎችን ነገር ሲናገር፤ የወርቃቸውና የብራቸው ዝገት በእነርሱ ላይ ምስክር ሆኖ እንደሚቆም ጽፏል (ያዕ. 5፥1-3)። ቀድሞ ሳነበው ለባለጠጎች ብቻ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ዝገት ግን በወንድሜ ክንድ ላይ ሆኖ መሰከረብኝ።

ወደ አዋሽ ተመልሼ ለንስሐ አባቴ ሁሉን ነገርኋቸው። ለብዙ ጊዜ ቀርቤ አላውቅም ነበር። አለቀስሁ። እርሳቸው ልቅሶዬን ታግሠው ካዳመጡ በኋላ፤

«ገንዘቡን መለስህለት?» አሉኝ።

«አልመለስሁም አባቴ።»

«እንግዲያስ ልቅሶህ ስቱኮ እንዳይሆንብህ ተጠንቀቅ፤ ልጄ።»

ከዚያም በኦሪት የተጻፈውን አስታወሱኝ። ባልንጀራውን ያታለለ ሰው መሥዋዕቱን ከማቅረቡ ጋር፤ የወሰደውን በሙሉ መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምርበት ታዟል (ዘሌ. 6፥1-7)። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ያደረገው ይህንኑና ከዚህም የበለጠውን ነው (ሉቃ. 19፥8)። ቀኖናዬን ከሰጡኝ በኋላ ሁለት ነገር አዘዙኝ። አንደኛው፤ ገንዘቡን ከነሕክምናው ወጪ መልሼ ለወንድሜ በአፌ እውነቱን እንድነግረው። ሁለተኛው፤ ቬስፓውን የተሸፈነው ሁሉ ተገልጦ እስኪሠራ ድረስ ለማንም እንዳልሰጥ።

የመጀመሪያው ከሁሉ ከባዱ ነበር። ወንድሜ ሰምቶኝ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «አውቀህ ነው?» አለኝ። «አውቄ ነው» አልሁት። ገንዘቡን ተቀበለ፤ ያን ቀን ግን እጁን አልሰጠኝም። ልክ ነበር።

ለሁለተኛው ትእዛዝ ባለሙያ ፍለጋ ተነሣሁ። መጀመሪያ በአዋሽ አንድ በያጅ ዘንድ ሄድሁ። በርና መስኮት በመሥራት የታወቀ፤ እጁ የማይነቀፍ ሰው ነው። ላሜራውን በጣቱ ጠንቁሎ ካየ በኋላ፤ «ይህ ስስ ነው፤ የእኔ ኤሌክትሮድ ያቃጥለዋል። የእኔ ሥራ አይደለም። የአሮጌ ባትላሜራ እጅ ይፈልጋል» ብሎ መለሰኝ። ገንዘብ ሊያገኝ ሲችል የሙያውን ወሰን ነገረኝ። ባለሙያን ከምታውቁባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው፤ የማይችለውን አልችልም ይላል።

«ባትላሜራ» የምንለው ቃል ከጣልያኖች የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ላሜራ መቺ ማለት ነው። በስሙ ውስጥ ቀለም የለም፤ መዶሻ እንጂ። ለዚህ ሙያ የጠቆሙኝ ወደ ድሬዳዋ ነው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ መሆንዋን ታውቃላችሁ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. ከጅቡቲ እዚያ በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ ተቆረቆረች፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የእኛም አዋሽ ያደገችው በዚሁ ሐዲድ ላይ ነው። በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ብዙ ሰው ብረት መቁረጥን፤ ማቅለጥንና መምታትን ተምሯል። አሮጌው ባቡር እንደ ቀድሞው ባይመላለስም፤ እጃቸው ሙያውን ያልረሳ ሽማግሌዎች አሉ። እኔም ከእነዚህ አንዱን አገኘሁ።

«አባባ፤ ይህን ቬስፓ ይዩልኝ» ብዬ ስቱኮው ያልተነካውን ጎን ወደ እርሳቸው አዞርሁ። አላዩትም። «ቀለሙን ተወው ልጄ፤ ገልብጠው» አሉኝ። በጎኑ አስተኛነው። ተንበርክከው ከሥሩ ገቡ፤ በትንሽ መዶሻ እየነኩ ድምፁን አዳመጡ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ዋጋ ብጠይቃቸው፤ «ሳልገልጠው ዋጋ የሚነግርህ ወይ ይዋሽሃል ወይ አያውቅም» አሉኝ።

የሠሩትን በዓይኔ አይቻለሁና ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀለሙንና ስቱኮውን በሙሉ አስወግደው ብረቱን ራቁቱን አደረጉት። ዝገት ፊቱን ብቻ የነካበትን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉት። የበሰበሰውን ግን አልፈገፈጉም፤ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጠው ጣሉት። እኔ «ትንሽ ብቻ ይቆረጥ» ብላቸው፤ «የበሰበሰ ላይ የተበየደ ነገ ይላቀቃል» አሉ። በምትኩ አዲስ ላሜራ በመጠኑ ቆርጠው፤ ከኋላ የብረት መደገፊያ ይዘው በመዶሻ ቅርጽ ሰጡት። የበየዱትም በአንድ ጊዜ አይደለም። እዚህ አንድ ነጥብ፤ እዚያ አንድ ነጥብ፤ መሐሉን እያቀዘቀዙ ነው። ሙቀት ከበዛ ስስ ላሜራ ይጣመማልና።

ሲፈገፍጉ አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አቀለሉ። በላሜራው ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ነበር። ከዝገቱ በታች አልጠፋም። «ይህን በግራይንደር የሚበላ መሀይም አለ፤ ይህ ከጠፋ ዕቃው ስም የለውም» አሉኝ። በጨርቅና በጣታቸው ብቻ አጸዱት፤ ቁጥሩም አንድ በአንድ ወጣ። በአባቴ የባለቤትነት ደብተር የተጻፈው ያው ቁጥር ነበር። እዚያው ቆሜ እንባ ተናነቀኝ።

ብረቱ እንደጸዳ በዚያው ቀን፤ ሳይመሽ፤ የፀረ ዝገቱን ቀለም አለበሱት። «ነገ ብንቀባውስ?» ብላቸው፤ «የጸዳ ራቁት ብረት ከቆሸሸው ይልቅ ፈጥኖ ይይዛል» አሉ። ስቱኮም ተጠቅመዋል፤ ግን በጤነኛው ላሜራ ላይ፤ ለጭረት ያህል ብቻ፤ እንደ ወረቀት ስስ አድርገው። ቀለም የመጣው በመጨረሻ ነው።

የተወደዳችሁ ሆይ፤ ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፤ የክርስቲያን ሕይወት እንደ ቬስፓ ላሜራ ነው። ለብቻው የተቀመጠ ውስጣዊ አጽም፤ ለብቻውም የሚታይ ልብስ የለንም። «በውስጤ ደኅና ነኝ፤ ይህ የውጭ ነገር ነው» የምንለው፤ ወይም «አገልግሎቴ ደኅና ነው፤ የገበያዬን ነገር አትጠይቁኝ» የምንለው ሐሰት ነው። በገበያ የበሰበሰው በመዝሙር ክፍልም ይሰበራል። ጌታችን ከውጭ በኖራ ተለስነው ከውስጥ ርኩሰት የሞላባቸውን መቃብሮች የጠቀሰው (ማቴ. 23፥27) ልስን ስለሚጠላ አይደለም፤ ልስኑ የሚሸፍነውን ስለሚያይ ነው። ነጭ ነጠላ መልካም ነው፤ የመዘምራን ልብስ መልካም ነው፤ በጤነኛ ብረት ላይ ሲሆን።

ሁለተኛ፤ ወደ ሚያውቅ ሰው እንሂድ። ብዙዎቻችን ኃጢአታችንን ለጓደኛ እናወራለን፤ ጓደኛም ስቱኮ ይሰጠናል፤ «ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ አትጨነቅ» ይለናል። ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ አዘዘው (ማቴ. 8፥4)። የንስሐ አባት ያስፈለገን ስለዚህ ነው። ሲራክ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው ተናግሮ፤ በዚያው ምዕራፍ በእሳት ወላፈን አጠገብ ሆኖ በመዶሻ ድምፅ መካከል ሥራውን ስለሚያሳምረው ብረት ሠሪም ያወሳል (ሲራ. 38)። ባለሙያን መፈለግ የእምነት ጉድለት አይደለም። ለታመመ ሥጋ ሐኪም፤ ለዛገ ብረት ባትላሜራ፤ ለነፍስም ካህን አለ። ስንቀርብም ያልተነካውን ጎናችንን አናዙር። ምንጣፉን እኛው እንግለጥ።

ሦስተኛ፤ የበሰበሰው ይቆረጥ። ነቢዩ ሕዝቅኤል ዝገቷ ከእርስዋ አልወጣ ስላለ ድስት ተናግሯል (ሕዝ. 24፥6-12)። እኛም አንዳንዱን ኃጢአት ዓመት ሙሉ እንፈገፍገዋለን እንጂ አንቆርጠውም። የወሰድነውን ገንዘብ ይዘን፤ ያጎደልነውን ሚዛን ይዘን፤ ያስቀየምነውን ወንድም ሳናናግር ብቻ ማልቀስ መፈግፈግ ነው። መመለስ ግን መቁረጥ ነው። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፤ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የተባለውም ለዚህ ነው (ማቴ. 5፥23-24)።

አራተኛ፤ ቁጥሩ አልጠፋም። ይህን በተለይ «እኔማ በጣም ርቄአለሁ» ለምትለው ወንድሜና እኅቴ እጽፋለሁ። ወንዱ በ40፤ ሴቷ በ80 ቀን ስንጠመቅ የተሰጠን የልጅነት ማኅተም ከዝገቱ በታች አለ። ጥምቀት የማይደገመው ስለዚህ ነው። ንስሐ አዲስ ሰው አድርጎ የሌላ ስም አይሰጥህም፤ የቀድሞ ስምህን ከዝገቱ በታች ያወጣዋል እንጂ። በአባትህ ደብተር የተጻፈው ስም ያው ነው።

አምስተኛ፤ ከጸዱ በኋላ ራቁት ማደር አይገባም። ርኩስ መንፈስ የወጣለት ሰው ቤቱ ተጠርጎ ባዶ ሆኖ ስለ ተገኘ የኋለኛው ከፊተኛው እንደ ከፋ ጌታ አስተምሮናል (ማቴ. 12፥43-45)። ንስሐ የገባን ዕለት «ጾሙ ሲገባ እጀምራለሁ፤ ለፋሲካ እቆርባለሁ» እያልን ቀን አንቅጠር። ቀኖናችንን ፈጽመን፤ ካህኑ ሲፈቅዱልን ሳንዘገይ ወደ ሥጋ ወደሙ እንቅረብ። ጸሎቱም በዚያው ቀን ይጀመር፤ ሳይመሽ።

ቬስፓው አልቆ ወደ ሰመራ በተመለሰ ጊዜ ያን ወንድሜን ጠርቼ፤ «ሥራው አልቋል፤ ያንተ ነው፤ ገንዘብ አልፈልግም» አልሁት። ቀለሙን አላየም። ጎንበስ ብሎ የጎማውን ምንጣፍ ገለጠና በጉልበቱ ሁሉ ወለሉን ረገጠ። እኔም አልከፋኝም፤ ያስተማርሁት እኔ ነኝና። ደግሞ ረገጠው። ከዚያ በኋላ ነው እጁን የዘረጋልኝ፤ ያቺኑ ተሰብራ የነበረችውን።

ወንድሜ ሆይ፤ እኅቴ ሆይ፤ አንተ የሸፈንኸው፤ አንቺ የሸፈንሽው ምንድን ነው? ምንጣፉ ሥር ያለውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የሚመጣው እሑድ ሳይደርስ የሚመለሰውን መልሱ፤ ለንስሐ አባታችሁም የሚነገረውን ንገሩ። ሸክም የበዛበት ወለል የሚሰበርበትን ቀን አይናገርም።

አምላካችን የተሸፈነውን ለመግለጥ ድፍረቱን፤ የተቆረጠውንም ለመተካት ጸጋውን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።